ፍቅረኞቹ ሥራቸው ምንድን ነው?

ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የፍቅር ፊልም ልታዩ ስትነሡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ጀምሩ፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚበሉትን ከየት ነው የሚያመጡት? ፊልሙ ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልሱን ካላገኛችሁ ብዙ አትልፉ፤ ዝጉትና ተኙ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለዓመታት ሲዲና ዲቪዲ አከራይቻለሁ፤ በኋላም ፍላሽ ሞልቻለሁ። «የፍቅር ፊልም ስጪኝ» ብሎ የመጣን ደንበኛ ሁሉ ሳስተናግድ የለመድኩት መለኪያ ይኸው ነው። ፍቅረኞቹ ኪራይ የማይከፍሉበት፣ አለቃ የማይቆጣቸው፣ የታመመ ዘመድ የሌላቸው ፊልም ላይ ልባችንን የሚነካ ነገር ብዙም አላገኘሁም። የሥራው ላብ የሚታይበት ፊልም ግን ቤት ውስጥ ከታየ በኋላ ለሳምንት ያስወራል።

ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ፣ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ሰው የሚሠሩት ፊልሞች በዚህ በኩል ይበልጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚያሳዩት ቪላ ስለሌላቸው ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በእውነተኛ ሆቴልና በእውነተኛ መንገድ ላይ ይቀርጻሉ። በእኛ አገር ደግሞ ከመጀመሪያውም ትልቅ ስቱዲዮ ስላልነበረን አብዛኛው ፊልማችን በፕሮዲዩሰሩ ኪስ የሚሠራ ነው። ስለዚህ «ኢንዲ» የሚባለው ነገር ለእኛ ባዳ አይደለም።

የድሬ ሰው የፍቅር ፊልም የለመደው ከቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማራገቢያ፣ ከዚያ የህንድ ፊልም። ህንዶቹ ሲዘፍኑ አብሮ የሚዘፍን፣ ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን አንጠልጥሎ የሚወጣ ትውልድ ነን። በኋላ ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀምር በአማርኛ የተተረጎሙት የቱርክ ተከታታዮች እያንዳንዱ ሳሎን ገቡ። ሁለቱም ለሰውነታችን የሚስማማ ነገር ሰጥተውናል፤ አልነቅፋቸውም። ግን አንድ ልማድ ጥለውብን ሄደዋል፤ ፍቅር ሲባል ሀብታም ቤተሰብ፣ ክፉ አማት፣ የሠርግ አዳራሽ ብቻ እየመሰለን መጣ።

እንግዲህ መጀመሪያ እንድታዩ የምፈልገው ፊልም ከዚህ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ከሚያስኬደው ከጅቡቲ ነው። በአማርኛ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ብንለው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ንግግሩ በሶማሊኛ የሆነ ፊልም ነው። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ኻዳር አይደሩስ አሕመድ ሞቃዲሾ ተወልዶ በልጅነቱ ፊንላንድ የገባ ሰው ነው፤ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ይህ ነው። በካን ፌስቲቫል የሐያስያን ሳምንት ላይ ታይቶ፣ በዚያው ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 የወሰደውን ያንኑ የወርቅ ፈረስ ማለት ነው።

ጉሌድ መቃብር ቆፋሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አካፋቸውን ይዘው ሆስፒታል በር ላይ ይቆማሉ፤ አምቡላንስ ሲመጣ አብረው ይሮጣሉ። ሰው ካልሞተ እንጀራ የለም። ሚስቱ ናስራ ኩላሊቷን ታማለች፤ ቀዶ ሕክምናው 5,000 ዶላር ይጠይቃል። ይኼው ነው ታሪኩ። አንድ ሰው የሌላው ሞት የሚያበላው ሆኖ ሳለ የራሱን ሰው ሞት ለማስቀረት ይሮጣል። ፊልሙ ይህን ጉዳይ ለማስረዳት ንግግር አያበዛም፤ አካፋውን ብቻ ያሳያችኋል።

እኔን የገረመኝ ግን ለቅሶው ሳይሆን ሳቁ ነው። ባልና ሚስቱ ይቃለዳሉ። ሳይጠሩ ሰው ሠርግ ላይ ዘው ብለው ገብተው ሲጫወቱ የሚያሳይ ቦታ አለ፤ በዚያች ማታ በሽታው የለም፣ ገንዘቡም የለም፤ ሁለት ተፋቃሪ ብቻ አሉ። ከዚያ ቀስ እያለ እንደምናውቀው ሁለቱ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ነው የተጋቡት፤ ጉሌድ ወደ ገጠር ተመልሶ ፊት የነሱትን ዘመዶቹን ፍየሎቹን ሊጠይቅ ይገደዳል። ለትዳር ሲል ከዘመድ የተቆራረጠ ሰው እዚህ ሰፈራችን ውስጥም አለ፤ ኦሮሞና ሶማሌ፣ አማራና ሐረሪ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነው የተጋቡ ስንት ናቸው! መጨረሻውን አልነግራችሁም። 82 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ መብራት ከመሄዱ በፊት የማለቅ ዕድሉም ሰፊ ነው።

ይህን ፊልም ግቢያችን ውስጥ ነው ያየነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አውጥተን፣ ምንጣፍ አንጥፈን ነው ፊልም የምናየው። እኛ ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ ስንከተል ጎረቤታችን ሶማሌዋ እናት ከሁላችንም ቀድመው ይስቁ ነበር። ጽሑፉ ሲመጣ እሳቸው ስቀው ጨርሰዋል። «ምን አለ እማማ?» ስንላቸው ደግሞ ተርጉመው ሳይጨርሱ ቀጣዩ ቀልድ ይደርሳል። «አቦ ዝም ብላችሁ ፊቷን እዩ» አሉን በመጨረሻ። ልክ ነበሩ። ናስራን የምትጫወተው ያስሚን ዋርሳሜ በሞዴልነት ዓለም ያወቃት ሴት ናት፤ እዚህ ግን ትራስ ላይ ተኝታ በዓይኗ ብቻ ነው የምታወራው።

የህንድ ፊልም ወዳጆች ሁለተኛ ምሽታችሁን ለ«ዘ ላንችቦክስ» ስጡት። ሪቴሽ ባትራ እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራው ነው። ዘፈንና ጭፈራ የለበትም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጠብቃችሁ እንዳታዝኑ ነው። ሙምባይ ውስጥ ከየቤቱ የተሠራ ምሳ ሰብስበው ለየመሥሪያ ቤቱ የሚያደርሱ ሰዎች አሉ። አንድ ቀን የኢላ የምሳ ዕቃ ተሳስቶ ለባሏ ሳይሆን ለማታውቀው ሰው ይደርሳል። ሰውየው ሳጃን ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ ሊወጣ የቀረበ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ኢርፋን ካን ይጫወተዋል። ኢላ ዕቃው ውስጥ ወረቀት ጣል ታደርጋለች፤ እሱም የመጀመሪያውን መልስ ሲጽፍ ምስጋና የለም፣ ጨው በዝቶበታል ብቻ ይላታል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ በየቀኑ ይመላለሳል።

በዚህ ፊልም ውስጥ የምወዳት ሰው ፊቷ አይታይም። ከኢላ ቤት በላይ ፎቅ የምትኖር አክስት መሰል ጎረቤት ናት፤ በመስኮት እየጮኸች ስለ ቅመም ትመክራለች፣ በገመድ በታሰረ ቅርጫት ዕቃ ታወርዳለች። ባሏ ለዓመታት ራሱን ሳያውቅ አልጋ ላይ የተኛ ነው፤ እሷ ግን ትጠብቀዋለች፣ ታጥበዋለች። ዋናው ታሪክ ስለ ኢላና ስለ ሳጃን ሆኖ ሳለ ትልቁ ፍቅር ያለው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኞቼ «ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም?» እያሉ ሲከራከሩ እኔ ሁልጊዜ ስለ እሷ ነው የማወራላቸው።

ሙዚቃ ካላየሁ አይሆንልኝም የሚል ሰው ካለ «ዋንስ» የተባለውን የአየርላንድ ፊልም ይያዝ። ጆን ካርኒ ወደ 150 ሺህ ዶላር በሚሆን ገንዘብ ደብሊን ውስጥ ቀርጾት፣ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስካር ወሰደ። ልጁ በአባቱ ሱቅ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይጠግናል፤ ማታ ማታ ጎዳና ላይ ይዘፍናል። ልጅቷ ከቼክ የመጣች ስደተኛ ናት፤ ፒያኖ ስለሌላት በምሳ ሰዓት ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ገብታ ባለቤቱ ፈቅዶላት ትጫወታለች። የተበላሸ ማሽኗን በከተማው መሐል እየጎተተች ከእሱ ጋር የምትሄድበት ቦታ አለ፤ ከስንት የአበባ ስጦታ ይሻላል። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ስም እንኳ የላቸውም፤ አይጎድልባቸውምም።

ከአገራችን ሁለቱን አስቀድማለሁ። አንደኛው ሄርሞን ኃይላይ ጽፋ ያዘጋጀችው፣ ውጭ አገር «ፕራይስ ኦቭ ላቭ» በሚል ስም የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ የቀረበው ፊልም ነው። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የሚነዳ ወጣት ራሷን ሸጣ በምትኖር ልጅና በቀድሞ ጓደኛዋ ጠብ መሐል ይገባል፤ በዚያ ምክንያት ታክሲው ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍቅር ሁሉ የጠፋች ታክሲ እየፈለጉ የሚሆን ፍቅር ነው። ዐረብ አገር የመላክ ጉዳይም ከበስተጀርባው አለ። ባጃጅ የሚነዱ የሰፈሬ ልጆች ይህን ሲያዩ ስለ ልጅቷ ከማውራታቸው በፊት ስለ መኪናው ባለቤት፣ ስለ ዕለት ገቢው ነው የሚከራከሩት። ዳይሬክተሯ የምታውቀውን ሕይወት ስለሠራች ነው እንዲህ የያዘቻቸው።

ሁለተኛው የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከሳሽና ተከሳሽ እስኪዳኙ ድረስ አንድ ላይ ታስረው የሚሄዱበት ሥርዓት ነበር። ጎበዜ የሚባል የቅኔ ተማሪ የሚወዳትን ልጅ ጉልበትና መሬት ያለው ሰው ይወስድበታል፤ ነገሩ ወደ ፍርድ ሲደርስ ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ሰንሰለት ታስረው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የምትወዳትን ከቀማህ ሰው ጋር አንድ ላይ መተኛት፣ አንድ ላይ ውኃ መጠጣት ምን እንደሚመስል አስቡት! አማርኛው የዘመኑን ለዛ ይዟል፤ አንዳንድ ቦታ ይረዝማል፣ መታገሥ ነው። ሽማግሌ ካለ አብራችሁ እዩት፤ የቅኔውን ምሥጢር የሚፈታ ሰው መሐላችሁ ሲኖር ጣዕሙ እጥፍ ነው።

ስለ ሐረር አንድ ነገር ካላልኩ ወዳጆቼ ይቀየሙኛል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»ን ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የተባለ የፍቅር ፊልም አውጥቷል። መነሻው ካሚላ ጊብ የጻፈችው ልብ ወለድ ነው። በሱፊ ሼኽ እጅ ያደገች ነጭ ሙስሊም ልጅ ሐረር ገብታ አዚዝ የሚባል ሐኪም ትወዳለች፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ ለንደን ትሰደዳለች። የዳኮታ ፋኒንግ መመረጥ በጊዜው ብዙ አነጋግሮ ነበር። እኔን ቅር ያሰኘኝ የእሷ ቆዳ አይደለም፤ መጽሐፉም እንዲያው ነው። ቅር ያሰኘኝ ሐረር ውስጥ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲፋቀር ማየት ነው። አደርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ሲነሣ የጀጎል ግንብ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ፍቅሩም ከከተማው ላይ ተላቆ የሚንሳፈፍ ነገር ይሆናል። የለንደኑ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ የጠፉ ዘመዶቻቸውን በስም ዝርዝር የሚፈልጉ ስደተኞች፣ በተለይ አሚና የምትባለዋ ሴት፣ ልብ ይይዛሉ። ጊዜ ያለው ይየው፤ ለአንድ ምሽት ብቻ ጊዜ ያለው ይለፈው።

በምትኩ ሐረርን ማየት የፈለገ «ፋያ ዳዪ»ን ይፈልግ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ለዓመታት ቀርጻ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ያሳየችው ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ታሪክ ተከትሎ ማየት ለለመደ ሰው ይከብደዋል። ጫት ለቅሞ፣ አስሮ፣ ጭኖ ሌሊት ለሌሊት የሚሮጠውን ሰው እጅ ግን እንዲህ በቅርብ ያየ ካሜራ አላውቅም። እዚህ ድሬ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያ ጫት በየትኛው እጅ አልፎ እንደመጣ ያያል። በመሐሉም የተለየ ፍቅረኛ፣ የሄደ ሰው፣ የቀረች ሴት ድምፅ ይሰማል። የፍቅር ፊልም ነው ብዬ አልሸጥም፤ ያየነው ቀን ግን ከፍቅር ፊልም በላይ አስተክዞናል።

ስለ መሄድ ካነሣን «አትላንቲክስ» የግድ ይጠቀሳል። ማቲ ዲዮፕ ዳካር ላይ ሠርታው እ.ኤ.አ. በ2019 ካን ላይ ግራንድ ፕሪ ወስዳለች። የወራት ደመወዙን የተከለከለ የግንባታ ሠራተኛ የሚወዳትን ልጅ ሳይሰናበት በጀልባ ወደ ስፔን ይነሣል፤ እሷ ደግሞ ለሀብታም ልትዳር ነው። ከዚያ ባሕሩ የወሰዳቸው መናፍስት ሆነው ደመወዛቸውን ሊጠይቁ ይመለሳሉ። እጅግ የሚያምር ፊልም ነው። ነገር ግን በጅቡቲ አድርጎ የመን የተሻገረ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ በድንገት አትክፈቱት። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት፤ ከዚያ ማን እንደሚችለው እናንተ ታውቃላችሁ።

የሚታለፉት ብዙ ስለሆኑ አልዘረዝርም፤ ግን «ላይክ ክሬዚ»ን እንዳነሣ ሰው ይጠይቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰንዳንስ ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደ ነው። እንግሊዛዊቷ ተማሪ የቪዛዋ ጊዜ ካለፈ በኋላ አሜሪካ ትቆያለች፤ ከዚያ መመለስ ትከለከላለች። ተዋንያኑ ንግግሩን በአብዛኛው ራሳቸው እየፈጠሩ ስለሆነ የሚናገሩት እውነት ይመስላል። ለእኛ ግን አይበቃም። ባሏን በፎርምና በቀጠሮ ለዓመታት የምትጠብቅ ሴት በየቤቱ እያለች፣ ፍቅረኞቹ ቲኬት ቆርጠው እየተመላለሱ፣ በመሐል ሌላ ሰው እየያዙ ሲያዝኑ ማየት ያደክማል። የወረቀቱ ክብደት አይሰማም።

«ክራምብስ»ንም ወጣቶቹ ይጠይቁኛል። ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቱበት፣ ዓለም ካለቀ በኋላ ስለሚኖሩ ሁለት ፍቅረኞች የሚተርክ አጠር ያለ ፊልም ነው። ሥዕሉ አይረሳም፤ ጨዋታው እንግዳ ነው። ከእናትና አባት ጋር ሳይሆን ከጓደኛ ጋር የሚታይ ነው።

የእኔን መለኪያ የሚጥስ አንድ ፊልም አለ፤ እሱን አልጥልም። ሪቻርድ ሊንክሌተር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው «ቢፎር ሰንራይዝ»። ሁለቱም ሥራ የላቸውም፤ ባቡር ውስጥ ይተዋወቃሉ፣ ቪየና ላይ ይወርዳሉ፣ እስኪነጋ ያወራሉ። የሚያጥራቸው ጊዜና ገንዘብ ነው፤ ለሆቴል የሚከፍሉት ስለሌላቸው ነው ሌሊቱን ሲዞሩ የሚያድሩት፣ የወይን ጠርሙሱንም ከቡና ቤት በልመና ነው የሚያገኙት። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ይህች ከተማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ በባቡር ተዋውቀው የተጋቡ ሰዎች ልጆች አብረውኝ ተምረዋል። ስለዚህ በዚህኛው ላይ ፍርዴ ያደላል። ቀጣዮቹ ሁለት ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2013 ወጥተዋል፤ በሦስተኛው ልጆች፣ ሥራና ድካም ስለሚመጡ ጥያቄዬ መልስ ያገኛል። ሦስቱንም በአንድ ሌሊት አትደራርቡ፤ ሦስተኛውን ትዳር ካላችሁ ሁለታችሁ ብቻ እዩት።

አሁን ፊልሞቹን ስለምታዩበት መንገድ። በፍላሽ ስታስሞሉ ፊልሙ ከሳብታይትሉ ጋር እንዲገለበጥ ጠይቁ፤ የጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ካልሆነ ብዙው ቴሌቪዥን አያነበውም፣ ሰውም «ፊልሙ አይገባም» ብሎ ይተወዋል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ካለ ጮክ ብሎ እየተረጎመ ያንብብ፤ በቪዲዮ ቤት ዘመን ተርጓሚው እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ ዛሬም ይሠራል። የአማርኛ ሳብታይትል አለመኖሩ ያንገበግበኛል። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሶ የሚጽፍ ሁለት ቋንቋ አዋቂ ወጣት በየሰፈሩ አለ፤ ከላይ ካልኳቸው ፊልሞች መካከል ለአንዱ እንኳ ይህን ቢያደርግ ስንት እናት ትመለከተው ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ሥራዬን የሚነካ ቢሆንም በግልጽ እናገራለሁ። ለፍላሽ የምትከፍሉት ብር ሄርሞን ኃይላይ ጋም ሆነ ሞገስ ታፈሰ ጋ አይደርስም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ገበያው ግን እሱን የሚሰማ አልሆነም። የአማርኛ ፊልም በሲኒማ ሲመጣ ቲኬት ግዙ፤ ዩቲዩብ ላይ ባለመብቱ ራሱ ከለቀቀው እዚያው እዩት፣ ማስታወቂያውን አትዝለሉት። የውጭዎቹን ፊልሞች ግን ዳያስፖራ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች በዘመዳችሁ እርዳታ በክፍያ ከሚያሳዩት አገልግሎቶች ላይ ብታዩአቸው ደስ ይለኛል። በታክሲ ሹፌርና በመቃብር ቆፋሪ ፍቅር ላይ ፊልም የሚሠራ ሰው ቀጣዩን ሊሠራ የሚችለው የመጀመሪያው ሲከፍለው ነው።